በጠባብ ቤት ለሚቀመጥ ብስክሌት የአያያዝና የጥገና ቃላት

የሥራ መመሪያ ከሌሎች ጽሑፎች የሚለየው አንባቢው ያነበበውን ወዲያውኑ በእጁ የሚፈጽመው በመሆኑ ነው። በታሪክ ወይም በልብ ወለድ ጽሑፍ አንድ ቃል ቢያሻማ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ባይረዳውም የሚደርስበት ጉዳት የለም። በጥገና መመሪያ ውስጥ ግን አሻሚ ቃል መጥበቅ ያለበትን ብሎን ያስላላል፤ ዘይት ከማይነካው ቦታ ዘይት ያስነካል፤ ክብደት በማይችል ነገር ላይ ክብደት ያሰቅላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብስክሌትን በጠባብ ቤት ውስጥ ለማስቀመጥና ለመጠገን ከሚያስፈልጉት የአማርኛ ቃላት የትኞቹ ግልጽ እንደሆኑ፣ የትኞቹ እንደሚያሻሙና ተርጓሚው አሻሚዎቹን በምን ዘዴ ሊለያቸው እንደሚችል ማመልከት ነው።

መስኩ ጠባብ ቢመስልም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት ለረዥም ጊዜ ሲያገለግል የኖረው በግቢና በበረንዳ እየቆመ፣ በመንገድ ዳር ጠጋኝ እየተጠገነ ነው። በዚያ ሁኔታ ቃል ቢያሻማ ጣት ያስተካክለው ነበር፤ ባለቤቱ «ይኼ» ብሎ ያሳያል፣ ጠጋኙም ይረዳል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአዲስ አበባ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖር ሰው ግን ብስክሌቱን በደረጃ ተሸክሞ ወጥቶ ከሚያበስልበት ወይም ከሚተኛበት ክፍል ያኖረዋል፤ ቀላሉንም ጥገና በጽሑፍ እየተመራ ራሱ ይሠራዋል። በአጠገቡ የሚያመለክት ጣት ስለሌለ ቃሉ ብቻውን መቆም አለበት።

ሀ. የቃላቱ ምንጭ

የብስክሌት ቃሎቻችን ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው። አንደኛው ወገን ከኢጣልያንኛ የተዋስናቸው የጋራዥ ቃላት ናቸው። «ጎማ»፣ «ቸርኬ»፣ «ካቴና»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ግራሶ»፣ «ዳዶ»፣ «ካቻቢቴ»ና «ፒንሳ» ከዚህ ወገን ይመደባሉ። «ከመነዳሪ»ም ምንጩ «ካሜራ ዳሪያ» ነው፤ ትርጕሙ የአየር ክፍል ማለት ሲሆን በአማርኛ ድምፁ ተለውጦ አንድ ቃል ሆኗል። አጻጻፉ እስካሁን ስላልረጋ ተርጓሚው አንዱን መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊጠቀምበት ይገባል። ሁለተኛው ወገን ከነባሩ አማርኛ የተገኙት «ኮርቻ»፣ «መሪ»፣ «መንፊያ»ና «መፍቻ» ናቸው።

«ኮርቻ» ከፈረስ ወደ ብስክሌት ያለ ችግር የተሻገረው አገልግሎቱ ስላልተለወጠ ነው፤ በሁለቱም ላይ ይቀመጡበታል። ይህን ምሳሌ አይቶ «ፔዳል»ን «እርካብ» ለማለት የሚከጅል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እርካብ እግር የሚያርፍበት ነው እንጂ እግር ገፍቶ የሚያዞረው አይደለም። የቃል ዝምድና የሚሠራው ቅርፅ ስለተመሳሰለ ሳይሆን ተግባር ሲመሳሰል ነው፤ ስለዚህ «ፔዳል» በቦታው ቢቆይ ይሻላል።

«መንኰራኵር»ም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በመጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቅኤል ትንቢት እንደምናገኘው የቃሉ ነባር ፍች ተሽከርካሪው ክብ ነገር ነው። ዛሬ ግን «የጠፈር መንኰራኵር» በሚለው አጠራር ወደ ሰማይ ስለወጣ፣ ለብስክሌት እንመልሰው ብንል አንባቢው ፈገግ ከማለት አልፎ ቁልፍ አያነሣም። «ራጅ»ም እንዲሁ ነው። በኢጣልያንኛ «ራጂ» የሚለው ቃል ጨረርንም የመንኰራኵር ሽቦንም ይጠራል፤ በአማርኛ ግን ሕክምና ቤት ስለያዘው ለብስክሌቱ «የቸርኬ ሽቦ» ማለት ይበቃል።

ለ. የማስቀመጥ ቃላት

የአንድ ዐዋቂ ተራ ብስክሌት ርዝመቱ 175 ሳንቲ ሜትር፣ በመሪው በኩል ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወለል ላይ ሲቆም ከ1 ካሬ ሜትር የበለጠ ቦታ ይይዛል ማለት ነው። የፊት ጎማው ከግድግዳ ኩላብ ላይ ተሰቅሎ የኋላው ወደ ታች ሲወርድ የሚይዘው ወለል ወደ ግማሽ ይጠጋል። የመሪው ብሎን ላልቶ መሪው ከብስክሌቱ ጋር ትይዩ እንዲሆን ቢዞር ደግሞ ስፋቱ በእጅጉ ይቀንሳል። እነዚህን ሥራዎች የሚገልጹት ግሶች «ማቆም»፣ «ማስደገፍ»፣ «መስቀል»ና «ማንጠልጠል» ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወሰን አላቸው።

«መስቀል» ነገሩ ተይዞ እንዲረጋ ማድረግ ነው፤ «ማንጠልጠል» ግን ተንሳፎ ሊወዛወዝ በሚችልበት ሁኔታ ማዋል ነው። ብስክሌት ከግድግዳ ይሰቀላል፤ በገመድ ወደ ላይ ተስቦ ሲያድር ግን ይንጠለጠላል። ሁለቱን ማምታታት የሚያስከትለው ችግር አለ፤ የተንጠለጠለ ነገር ስለሚወዛወዝ በሥሩ ሰው እንዳይተላለፍ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ የተሰቀለ ግን ይህን ያህል አያሰጋም።

የባዕድ መመሪያ «ከላይ ይንጠልጠል» የሚለው ቦታም በአማርኛ ሦስት ስም አለው። «ጣሪያ» ቤቱን ከዝናብ የሚከልለው ነው፤ «ኮርኒስ» ከጣሪያው በታች የሚለጠፈው ስስ ገበታ ነው፤ «ሶሌታ» በፎቆች መካከል ያለው የኮንክሪት ወለል ነው። አንድ ብስክሌት ከ12 እስከ 18 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሶሌታ ይህን ሊሸከም ይችላል፤ ኮርኒስ ግን አይችልም። ሦስቱን ለመለየት የማያስገድድ ቋንቋ የጻፈውን መመሪያ «ከኮርኒሱ ላይ ይስቀሉ» ብሎ የተረጐመ ሰው ብስክሌቱን በአንባቢው ራስ ላይ ይጥላል። ሶሌታውም በመካከሉ ክፍት ብሎኬት ካለበት ኩላቡ መገባት ያለበት ብሎኬቱ ውስጥ ሳይሆን የኮንክሪቱ ቢም ላይ ነው። ስለ ግድግዳም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል፤ የመሰርሰሪያው ቀዳዳ ከብሎኬቱ ባዶ ሆድ ላይ ካረፈ ፊሸሩ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ «ግድግዳ» ብሎ መተው አይበቃም፤ «ኮለን» ወይም «ቢም» መባል አለበት።

«ማቆሚያ»ንም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በአማርኛ በ«መ-» ተጀምሮ በ«-ያ» የሚጨርሰው ምሥርት የመሣሪያም የቦታም ስም ያወጣል። «መጥረጊያ» መሣሪያ፣ «መግቢያ» ቦታ ነው። «ማቆሚያ» ደግሞ «የመኪና ማቆሚያ» ሲባል ቦታ፣ ለብስክሌት ሲነገር በጎኑ የሚወርደው ብረት ይሆናል፤ ከዚህም አልፎ ፍሬን ሊመስል ይችላል። ለቦታው «ማቆሚያ»ን ትቶ ለብረቱ «መደገፊያ እግር» ማለት ችግሩን ይፈታዋል።

ሐ. የጥገና ቃላት

በዕለት ንግግር «ጎማ» ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠራል፦ የውጪውን ክብ ላስቲክ፣ ከቸርኬው ጋር ያለውን ሙሉ ተሽከርካሪ፣ እንዲሁም በፍሬን ጊዜ ቸርኬውን የሚይዘውን ትንሽ ቁራጭ። «ጎማውን ያውጡ» የሚል ትእዛዝ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። ሕዝቡ ራሱ የሚናገረው «ጎማ ከነቸርኬው» የሚለው አገላለጽ ለሙሉው ተሽከርካሪ ግልጽ ነው። ለትንሹ ቁራጭም ከመኪና ጋራዥ የተለመደውን «የፍሬን ሸራ» መውሰድ ይቻላል። ዛሬ ሸራ ባይሆንም ቃሉ ተግባሩን ያለ ጥርጥር ያመለክታል።

አየር የጐደለውን ጎማ በሚመለከት አማርኛ ሀብታም ነው። «ተነፈሰ» አየሩ መውጣቱን ብቻ ይናገራል፤ «ተበሳ» ምክንያቱን ይጨምራል፤ «ፈነዳ» በድንገት መቀደዱን ያሳያል። ቤት ውስጥ ለወራት ሳይነዳ የቆመ ብስክሌት ጎማው ሳይበሳም ይተነፍሳል፤ አየር በከመነዳሪው ውስጥ በዝግታ ያልፋልና። የብስክሌቱን ክብደት ተሸክሞ ተነፍሶ የከረመ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መመሪያው «ሲተነፍስ ይንፉት» ማለት ሲገባው «ሲፈነዳ» ካለ አንባቢው የሚጠብቀው ነገር ሳይመጣ ጎማው ያልቃል።

ከሁሉ ይልቅ አደጋ ያለው በቅባቶቹ ዘንድ ነው። «ካቴናውን ዘይት ይቀቡ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አጭርና ንጹሕ ይመስላል፤ ሁለት ስሕተት ግን አዝሏል። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ «ዘይት» ያለ ቅጽል ሲነገር መጀመሪያ የሚታሰበው የወጥ ዘይት ነው፤ የምግብ ዘይት ደግሞ ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሁለተኛ፣ «መቀባት» ላይ ላዩን መለቅለቅ ነው፤ ላዩ የተለቀለቀ ካቴና አቧራ ይሰበስባል፤ ዘይት የሚፈልጉት ውስጠኛ መገጣጠሚያዎች ግን ደርቀው ይቀራሉ። ትክክለኛው አነጋገር «በየመገጣጠሚያው የካቴና ዘይት ጠብ ያድርጉ፤ ጥቂት ቆይተው የላዩን በጨርቅ ይጥረጉ» ይሆናል። «ግራሶ» ለኩሽኔታ እንጂ ለካቴና ላይ አይደለም። ዘይትም ሆነ ግራሶ ቸርኬውንና የፍሬን ሸራውን ከነካ ፍሬኑ አይዝም፤ በዚህ ቦታ «ቅባት» የሚለውን ጥቅል ቃል መጠቀም ሁለቱን ያጠቃልላልና «ምንም ዓይነት ቅባት አያስነኩ» ማለት ተገቢ ነው። ጥቅል ቃል ለክልከላ፣ ዝርዝር ቃል ለትእዛዝ ይስማማል።

«ጋዝ»ም ከዚህ ይመደባል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቃሉ ቤንዚንን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ላምባን ወይም የምድጃውን ጋዝ ያሳስባል። ቤንዚን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተን ተኑ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተሰራጭቶ ከሩቅ ምድጃ እሳት ሊስብ ይችላል። ኩሽናውና ብስክሌቱ አንድ ክፍል ለሚጋሩበት ቤት የሚጻፍ መመሪያ «በጋዝ ያጽዱ» ሊል አይገባም፤ ቤንዚንን በስሙ ጠርቶ ሊከለክል ይገባል።

«ጥርስ» የብሎንንም የማርሽንም ይጠራል። «ጥርሱ ተበልቷል» የተባለለት ሰው ፔዳሉ ሊወልቅበት ነው ወይስ ካቴናው ሊዘልበት? «የብሎን ጥርስ»ና «የማርሽ ጥርስ» ብሎ መለየት አንድ ቃል ብቻ ያስጨምራል። ፔዳል ሲነሣ ደግሞ «ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል» የሚለው የተለመደ ሕግ ለቀኙ ፔዳል ብቻ ይሠራል። የግራው ፔዳል በሚነዳበት ጊዜ እንዳይፈታ ጥርሱ በተቃራኒ ተቀርጿልና ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን የሚያቃልለው ስያሜ ሳይሆን አነጋገር ነው፦ መፍቻው ከላይ ሆኖ ወደ ፊተኛው ጎማ ሲሳብ ሁለቱም ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋለኛው ሲሳብ ሁለቱም ይላላሉ። እዚህ ላይ ተርጓሚው ቀኝና ግራን ትቶ ፊትና ኋላን ቢመርጥ ከምንጩ ጽሑፍ ይልቅ ግልጽ ይሆናል።

በመጨረሻም ካቴና ሲያረጅ በባዕድ ቋንቋ «ተለጠጠ» ይባላል፤ ብረቱ ግን አይለጠጥም። የሚሆነው በየመገጣጠሚያው ያለው ፒን መበላቱ ነው። የ24 መገጣጠሚያዎች ርዝመት በዐዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዚህ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከጨመረ ጊዜው አልፏል። «ካቴናው ላላ» ሲባል አንባቢው ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ሊወጥረው ይሞክራል፤ «ካቴናው ተበላ» ሲባል ግን ይለውጠዋል። ነባሩ ግሳችን ከባዕዱ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

መ. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

1. ጎማ፦ ከቸርኬ ላይ የሚገጠም የውጪ ክብ ላስቲክ። ሙሉው ተሽከርካሪ ሲሆን «ጎማ ከነቸርኬው» ይባል።
2. ከመነዳሪ፦ በጎማ ውስጥ ያለ፣ አየር የሚሞላ ቱቦ።
3. የፍሬን ሸራ፦ ቸርኬውን ተጭኖ የሚያቆም ቁራጭ።
4. መደገፊያ እግር፦ ብስክሌት እንዳይወድቅ በጎኑ የሚወርድ ብረት።
5. መስቀያ፦ ብስክሌት ከግድግዳ የሚያዝበት ኩላብ ወይም ብረት። ማንጠልጠያ፦ ከላይ በገመድ የሚይዘው።
6. የካቴና ዘይት፦ በካቴና መገጣጠሚያዎች ጠብ የሚደረግ ቀጭን ዘይት።
7. የብሎን ጥርስ፣ የማርሽ ጥርስ፦ ሁለቱ በአንድ መመሪያ ውስጥ ሳይለዩ አይጻፉ።
8. መበላት፦ የካቴና ፒን፣ የጥርስ ወይም የሸራ በመፋተግ ማነስ።

ከዚህ ዝርዝር ፍጹም ዐዲስ የሆነ ቃል የለበትም። አብዛኛው ሥራ ያለውን ቃል በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ፣ ሲያሻማም አንድ ቅጽል መጨመር ነው። አንድ ስያሜ መልካም መሆኑ የሚፈተነው መመሪያውን ብስክሌት ለማያውቅ ሰው አንብቦ፣ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ እጁ ወዴት እንደሚሄድ በመመልከት ነው። የሙያው ሰዎችና ተርጓሚዎችም ዝርዝሩን በዚህ ዘዴ ፈትነው ቢያርሙት ለቀጣዩ ሥራ ጠቃሚ ይሆናል።