ስህተት ሲፈጠር ማን ይመልሳል? የሞባይል ገንዘብ፣ አካታችነትና እምነት በኢትዮጵያ

መግቢያ

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ላይ አዋለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ እድገት በአብዛኛው የሚገለጸው በተመዘገቡ ደንበኞች ብዛትና በተንቀሳቀሰው ገንዘብ መጠን ነው። እነዚህ መለኪያዎች ጠቃሚ ቢሆኑም አንድ ዐቢይ ጥያቄ አይመልሱም፤ ይኸውም ገንዘቡ ያለቦታው የሄደበት ሰው ማንን ይጠይቃል? የሚለው ነው። የዲጂታል ኢኮኖሚ አካታችነትም ሆነ ታማኝነት በዋናነት የሚፈተነው ሰው ሲመዘገብ ሳይሆን ስህተት ሲደርስበት መሆኑን ይህ ጽሑፍ ለማስረዳት ይሞክራል።

ሂሳብ መክፈትና በሂሳብ ማዘዝ

የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የፋይናንስ ተቋም ሂሳብ የነበራቸው ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች 35 በመቶ ነበሩ። ከወንዶች 41 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 29 በመቶ መሆናቸው ክፍተቱን ያመለክታል። የሞባይል ገንዘብ ይህን ክፍተት ያጠባል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ያለምክንያት አይደለም። አገልግሎቱ ቅርንጫፍ አይሻም፤ የሰፈር ሱቅ ወኪል ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክም ቢሆን በ*127# ቴሌብርን ይጠቀማል።

ሆኖም ሂሳብ መክፈትና በሂሳብ ማዘዝ አንድ አይደሉም። በተራ ስልክ የሚመጣው የምርጫ ዝርዝር መነበብ አለበት። ማንበብ የማትችል እናት ስልኳንና የሚስጥር ቁጥሯን ለልጇ፣ ለጎረቤቷ ወይም ለወኪሉ ትሰጣለች። በመዝገብ ላይ ደንበኛዋ እርሷ ናት፤ በተግባር ግን ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ እጅ ነው። ስህተት ወይም ማጭበርበር ቢፈጠር ደግሞ «የሚስጥር ቁጥርሽን ለሰው ሰጥተሻል» የሚለው ምላሽ ኃላፊነቱን መልሶ በእርሷ ላይ ይጥላል። ሥርዓቱ ሲነደፍ ያልታሰበላት ሰው፣ ባልታሰበላት ምክንያት ተጠያቂ ትሆናለች ማለት ነው።

ከእቁብ የሚገኝ ትምህርት

እምነት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለ፤ እጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ እንዲጠራ ይጠየቃል። አባላቱ ገንዘባቸውን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚያዋጡት ሰው ሁሉ ታማኝ ነው ብለው ስለሚያስቡ አይደለም። አንዱ ቢያጓድል ማን እንደሚጠየቅና ነገሩ የት እንደሚታይ አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ እምነት ስሜት ብቻ ሳይሆን የታወቀ ሥርዓት ነው።

የእቁብ ወሰን መተዋወቅ ነው። የዲጂታል ክፍያ ታላቅ ተስፋም እዚህ ላይ ይታያል፤ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ግብይት እንዲኖር ያስችላል። ነገር ግን መተዋወቅን ሲያስቀር፣ የዳኛውንና የዋሱን ሥራ የሚሠራ ነገር በምትኩ ማቅረብ ይኖርበታል።

የስህተት መልኮች

የመጀመሪያው ወደ ተሳሳተ ቁጥር መላክ ነው። ዝውውሩ በቅጽበት ስለሚፈጸም፣ ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው ማስመለሱ አስቸጋሪ ይሆናል። ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረባት ኬንያ፣ ደንበኛው የማረጋገጫ መልእክቱን ወደ 456 በማስተላለፍ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጥቅሙም አቤቱታውን ስህተቱ በተፈጠረበት በዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጡ ነው። ለአቤቱታ ወደ ከተማ መጓዝ ያለበት ገበሬ የመጓጓዣው ወጪ ከጠፋው ገንዘብ ከበለጠበት፣ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው የማንነት ማረጋገጫ ስህተት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል። ለዓመታት በአፈር ወይም በድንጋይ የሠራ እጅ አሻራው ሊደበዝዝ ይችላል። በምዝገባ ወቅት የተወሰዱት ሌሎቹ መለያዎች የሚጠቅሙት፣ በአገልግሎት መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «አሻራህ አልነበበም» ብሎ ከመመለስ ይልቅ በሌላኛው መንገድ ማረጋገጥ ሲችልና ሲፈቀድለት ነው።

ሦስተኛው እምብዛም የማይታየው የስሌት ስህተት ነው። በስልክ የሚሰጡ አነስተኛ ብድሮች በዋስትና ፋንታ የደንበኛውን የአገልግሎት አጠቃቀም መረጃ ይመዝናሉ። ይህ ቤትና መኪና ለሌለው ሰው በር ይከፍታል። ነገር ግን በባሏ ስልክ የምትገበያይ ሴት በስሟ የተመዘገበ የአጠቃቀም ታሪክ የላትም፤ የእርሷ ንግድ የእርሱን ነጥብ ያሳድጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰዎች ስለእነርሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማሳረም መብት ሰጥቷል። መብቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ብድር የተከለከለች አመልካች ምክንያቱን በምትረዳው ቋንቋ ስትሰማ ነው።

የአቅም አለመመጣጠን

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሥርዓት ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ እያንዳንዱን ዝውውር ከመዝገቡ ለይቶ አብዛኛውን ገንዘብ አስመልሷል። ክስተቱ አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል፤ የዲጂታል መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደላከ ያውቃል። ተቋም ሲጎዳ ገንዘብን ለመከታተል የሚያስችለው ይኸው መዝገብ፣ ደንበኛ ሲጎዳም በተመሳሳይ ፍጥነት ሊከፈት ይገባዋል። የሁለቱ ፍጥነት ከተለያየ፣ ጉድለቱን የቴክኖሎጂ አቅም ማነስ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ወደ ሦስት ሐሳቦች ይመራል። አንደኛ፣ አገልግሎት ሰጪዎች ከደንበኞች ብዛት ጎን ለጎን የቀረበላቸውን አቤቱታ፣ የተመለሰውን ገንዘብና የወሰደውን ጊዜ በጾታና በአካባቢ ለይተው ቢያሳውቁ፣ ተቆጣጣሪውም ሆነ ተመራማሪው እምነትን መለካት ይችላል። ሁለተኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰማ የድምፅ አገልግሎት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የሚስጥር ቁጥራቸውን በእጃቸው ለማቆየት ይረዳል። ሦስተኛ፣ ወኪሉ ገንዘብ ተቀብሎ ከመስጠት ባለፈ አቤቱታ የመመዝገብ ግዴታ ቢኖርበት፣ ለደንበኛው በአካል የሚያውቀው ተጠያቂ ይኖረዋል።

እነዚህ ሐሳቦች በመስክ ጥናት ሊፈተኑ ይገባል። በተለይ ስልክ በጋራ በሚጠቀሙ ቤተሰቦች ውስጥ ስህተት ሲደርስ በማን ስም አቤት እንደሚባልና ገንዘቡ ሲመለስ በማን እጅ እንደሚገባ ማጥናት ተገቢ ነው። የሞባይል ገንዘብን ከእቁብ እኩል ለማመን ሰው የሚጠብቀው ስህተት የማያውቀው ማሽን አይደለም፤ ስህተት ሲፈጠር የሚጠራ ዋስ ነው።