«ጠባዩ ነው» ከማለታችን በፊት

መናገር ያልጀመረ የአራት ዓመት ልጅ ጥርሱን ሲያመው ምን ያደርጋል? ይጮኻል፣ ይናከሳል፣ ምግብ ይገፋል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እኛስ? «ጠባዩ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሌላ የዕድገት መዘግየት ያለባቸውን ሕፃናት ጤና ከሚጎዱት ነገሮች አንዷ ይህች አጭር ንግግር ትመስለኛለች። ሁሉም ነገር በመዘግየቱ ይሳበባል፤ በቀላሉ ሊታከም የሚችለው የጆሮ ሕመም፣ የተቦረቦረ ጥርስ ወይም የሆድ ድርቀት ሳይታይ ይከርማል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ የመስማት ችግርና የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ቶሎ የሚደክመውን ልጅ «ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት የደም ምርመራ ማስደረግ ይሻላል።

ወደ ማዕድ እንምጣ። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ምግብ ይመርጣሉ፤ ሽታው፣ ቀለሙ፣ ልስላሴው ይረብሻቸዋል። ፓስታ፣ ዳቦ፣ ብስኩትና ሻይ ብቻ የሚቀበል ልጅ ሆዱ ይሞላል እንጂ የሚያስፈልገውን አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት የአገራችን ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ምግብ መራጭ ልጅ ላይ ሲሆን ስጋቱ ይበረታል፤ የአይረን እጥረት ራሱ ትኩረትንና እንቅልፍን ይጎዳልና። በምግብ ሰዓት የሚሰጥ ሻይ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፤ ብርቱካን ግን ያግዛል። አዲስ ምግብ ሲሞከር ልጁ ከሚወደው አጠገብ ትንሽ፣ ያለ ግዳጅ፣ ደጋግሞ ማቅረብ ነው። (የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ የታሸገ ጁስ ላይ ያለው ፈገግታ ያለው ሕፃን ሥዕል ለምን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። እናንተ ጀርባውን አዙራችሁ የስኳሩን መጠን አንብቡ።)

የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት እንቅስቃሴ፣ ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን ይመክራል። በኮንዶሚኒየም ኑሮ ሦስት ሰዓት ማሯሯጥ ከባድ ነው። በተለይ እናት «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ልጇን ከግቢ ሳታወጣ ስትቀር፣ ልጁ የሚያጣው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የቀን ድካም ከሌለ የሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ልጁ ካልተኛ ደግሞ እናትም አትተኛም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እንዲህ ከቤት የተደበቁ ልጆች ደጅ መውጣት ጀመሩ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ይረብሻል» ብቻ አትበሉ። መቼ እንደጀመረው፣ ከምግብ በኋላ ይሁን ሌሊት፣ ጆሮውን ይነካ እንደሆነ፣ ሰገራ ከወጣ ስንት ቀን እንደሆነው ጻፉ። ሲያለቅስ በስልካችሁ ቀርጻችሁ አሳዩ፤ ምርመራ ክፍል ሲገባ ዝም ሊል ይችላልና።