ጌሙ ለምን ይንቀራፈፋል?



ባለፈው ክረምት ወንድሜ ሰሊጥ አርሞ ባጠራቀመው ብር ጎንደር ወጥቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ሻጩ «አይ ሰቨን ነው፣ 1 ቴራ ይይዛል፣ የፈለጋችሁትን ጌም ያጫውታል» አለው። እውነትም አይ ሰቨን ነው፣ 1 ቴራም ይይዛል። የእግር ኳሱን ጌም ስንከፍት ግን ተጫዋቹ እየቆመ ይዘላል፤ ኳሷ መረብ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው በረኛው የሚወረወረው። ወንድሜ «የክረምት ላቤ ሜዳ ቀረ» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ግዛ ያልኩት እኔ ነኛ!

አይሲቲ የሚያስተምሩን መምህር ላፕቶፑን አይተው የነገሩኝን፣ ከዚያም ራሴ ሞክሬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ 1 ቴራውን እንተወው። እሱ የሃርድ ዲስኩ መጠን ነው፣ ጎተራ በሉት። ጎተራው ስለሰፋ በሬው ፈጥኖ አያርስም።

ጌም ሲከፈት ሁለት ሠራተኞች አሉ። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ ተከላካዩ ይሩጥ ወይስ ይቁም፣ ዳኛው ያፏጭ አያፏጭ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። የተሰላውን ስክሪን ላይ የሚስለው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። የእኛ ስክሪን 1366 በ768 ስለሆነ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ጌሙ እንዳይቆራረጥ እነዚህ ሁሉ በ1 ሴኮንድ ቢያንስ 30 ጊዜ እንደገና መቀባት አለባቸው። ስለዚህ ፕሮሰሰር ማለት ከባድ ሒሳብ የሚችሉ ጥቂት ጎበዞች ናቸው፤ ግራፊክስ ካርድ ግን ደቦ ነው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ የሚሠራ ብዙ ሰው።

ሁለቱ እንደ አጫጅና ነዶ አሳሪ ናቸው። አንዱ ቢፈጥንም ሥራው የሚሄደው በዘገየው ልክ ነው።

በርካሽ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ግራፊክሱ ነው። ለብቻው የተቀመጠ ካርድ የለም፤ ያለችው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ግራፊክስ ናት፣ ሚሞሪዋንም ከራም ትበደራለች። የወንድሜ ላፕቶፕ ራም ደግሞ 2 ጊጋ ብቻ! ዊንዶውሱም፣ ጌሙም፣ ግራፊክሷም ከአንድ መሶብ ይሻማሉ።

አይ ሰቨን የሚለው ስምም ብቻውን አያስተማምንም። ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ስትሉ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥር ታያላችሁ። 2620 ከሆነ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ በፈረንጆች 2011 የወጣ። 6200 ከሆነ ስድስተኛ ነው፣ የ2015። በግራፊክስ በኩል ይህ የስድስተኛው አይ ፋይቭ የሁለተኛውን አይ ሰቨን ይበልጠዋል። የእኛው ባለ 2 መሆኑን ያወቅነው ብሩ ከተከፈለ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጌም ቤት የምንጫወትባት ፕሌይስቴሽን 2 በፈረንጆች 2000 የወጣች ናት። ፕሮሰሰሯ ወደ 300 ሜጋኸርዝ፣ ዋናው ሚሞሪዋ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ግን አትንቀራፈፍም! ጌም ሠሪዎቹ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ በእሷ ልክ ስለሚሰፉላት ነው።

የላፕቶፓችሁ ችግር የትኛው እንደሆነ ለመለየት የጌሙን ሴቲንግ ክፈቱና ሬዞሉሽኑን ወደ 800 በ600 ዝቅ አድርጉት። የነጥቡ ብዛት ከግማሽ በታች ይሆናል። ያኔ ከፈጠነ ችግሩ ግራፊክሱ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን ጠርጥሩ።

አንድ ነገር ደግሞ የሳንጃ ሰው በተለይ ማወቅ አለበት፦ ሙቀት። ፕሮሰሰር በጣም ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ ብትጫወቱ አየር መግቢያው ይታፈናል፣ ከዚያ ጌሙ ይንቀራፈፋል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ከኋላው ትንሽ ከፍ ይበል፣ የፋኑንም አቧራ አስጠርጉ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራም ብዙው ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሻጩን አትርገሙት።

ወንድሜ ኅዳር ላይ ሰሊጡ ሲሸጥ ሌላ ራም ሊጨምርበት አስቧል፤ ክፍት ቦታ እንዳለው መምህራችን ከፍተው አይተውልናል። እስከዚያ በ800 በ600 እየተጫወትን ነው። የማሊያው ቁጥር አይነበብም፣ በረኛው ግን አሁን በሰዓቱ ይወረወራል። ትናንት 3 ለ1 አሸንፎኛል።