በቤት ኮምፒዩተር የመረጃ ፍሰትን ፍጥነት ስለ መለካት

በአራዳ፣ በፒያሳ ዙሪያ፣ በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሥራ በፈረሱት አሮጌ መንደሮች የአንድ ግቢ ነዋሪዎች በአንድ የውሃ ቆጣሪ መጠቀማቸው የተለመደ ነበር። ቆጣሪው የሚያሳየው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ያለፈውን የውሃ መጠን እንጂ ውሃው በዚያች ቅጽበት የሚወርድበትን ፍጥነት አይደለም። ፍጥነቱን ማወቅ የሚሻ ሰው ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ልዩነቱን በመካከሉ ላለፈው ጊዜ ማካፈል ይኖርበታል። በቤት ኮምፒዩተር የመረጃን ፍሰት የመለካቱም ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ከመረብ ጋር በሚገናኝበት በር ላይ የገባውንና የወጣውን ባይት ለየብቻ የሚቆጥሩ ሁለት ቆጣሪዎች አሉ። ለምሳሌ ያህል የገቢው ቆጣሪ በመጀመሪያ 812,400,000፣ ከ5 ሰከንድ በኋላ 817,400,000 ቢያሳይ ልዩነቱ 5,000,000 ባይት ነው፤ ይህም ለ5 ሲካፈል በሰከንድ 1,000,000 ባይት ይሆናል። በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር በተባለው መስኮት ላይ ከፍና ዝቅ እያለ የሚታየው መስመር የዚሁ ስሌት ድግግሞሽ ነው። ይሁን እንጂ ቆጣሪው በበሩ ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከኢንተርኔት የመጣውን በዚያው ክፍል ካለ ሌላ ኮምፒዩተር ከተላከው አይለይም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው መስፈሪያው ነው። የአገልግሎት ውል የሚጻፈው በቢት ሲሆን፣ አንድ ፋይል ሲወርድ በአብዛኛው የሚታየው ግን በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ያለውን አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ። 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 60 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ቢያወርዱ ጠቅላላው 2,400 ሜጋባይት ይሆናል። መስመሩ በሰከንድ የሚያሳልፈው 1 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ ሥራው 40 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ሜጋቢቱን ሜጋባይት አድርጎ ያነበበ ዕቅድ አውጪ ግን 5 ደቂቃ ይበቃል ብሎ መርሐ ግብሩን ያጸድቃል፤ ጉዳቱ የሚታወቀውም መምህሩ ክፍል ከገባ በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በስልክ መስመር ይገናኙ ከነበሩት መሣሪያዎች ፈጣን የሚባሉት እንኳ በሰከንድ ከ56 ኪሎቢት አያልፉም ነበር። በዚያ ፍጥነት ያው አንድ መጽሐፍ ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በፒያሳ ኢንተርኔት ቤቶች በደቂቃ ሒሳብ ይከፍል የነበረ ተጠቃሚ የፍጥነትን ትርጉም ያለ አስተማሪ ተምሯል ማለት ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ በሁለቱ ንባቦች መካከል የሚተወው ጊዜ ነው። ጊዜው እጅግ ካጠረ መረጃው በእሽግ በእሽግ ስለሚመጣ አኃዙ ይዘላል፤ እጅግ ከረዘመ ደግሞ እውነቱን ይሸፍናል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ የተቋረጠ መስመር አማካይ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በ5 ከመቶ ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ መሰጠት በመጀመሩ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የጥያቄና የመልስ ጽሑፍ ከባድ ጭነት ስላልሆነ ተፈታኙን የሚያሰጋው የፍጥነት ማነስ ሳይሆን መቋረጡ ነው፤ መቋረጡን የሚያሳየውም በየሰከንዱ የተወሰደው ንባብ ነው።

ስለዚህ ልኬቱ ሊወሰድ የሚገባው ተማሪዎች በክፍሉ ሳሉ፣ ኮምፒዩተሮቹም በሥራ ላይ እንዳሉ ነው። በምሽት፣ በባዶ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የተገኘ አኃዝ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ከቧንቧ እንደተቀዳ ውሃ ነው። በቅድሚያ በኬብል፣ ቀጥሎም በገመድ አልባው መገናኛ መለካት ያሻል። ሁለቱ በብዙ ከተለያዩ ጉድለቱ ያለው በክፍሉ ውስጥ እንጂ ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ስላልሆነ፣ ለተጨማሪ የአገልግሎት ክፍያ በጀት መጠየቅ አያስፈልግም።