ስለ ነጻ ጥገናና ስለ ሥራ ወረቀት

ለነጋዴ የጭነት መኪና ከመጋዘን የማያንስ ሀብት ነው። መጋዘን ቢዘጋ ዕቃው ይቆያል፤ መኪና በመንገድ ላይ ቢቆም ግን የዕቃው ቀጠሮም የመርከቡም ቦታ አብረው ያልፋሉ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፥ ፋብሪካ በሸጣቸው መኪናዎች ላይ ጉድለት ሲያገኝ በወኪሎቹ አማካይነት መልሶ ጠርቶ ያለ ዋጋ ያስጠግናል። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጠራው ሁሉ ድኖ አይመለስም።

የአሠሪዬ መኪና በዚህ ዐይነት ጥሪ ወደ ወኪሉ ጋራዥ ገብቶ የሞተሩ የዘይት ቱቦ ተለወጠለት። በሳምንቱ ከአዳማ ቦሎቄ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ሲጓዝ፥ አዋሽን አልፎ ገዋኔ ሳይደርስ የዘይቱ መብራት በራ፤ ሾፌሩ ዳር ሳይዝ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። «ጋሼ፥ አዳማ ላይ ዘይቱን ለክቼ ነው የወጣሁት፤ አሁን ከሥሩ ያለው መሬት በሙሉ ዘይት ሆኗል» ሲል በስልክ ነገረኝ።

ወኪሉ ሁለት መልስ ሰጠን፤ አንደኛው ሾፌሩ ዘይት አልተመለከተም የሚል፥ ሁለተኛው በነጻ ለተሠራ ሥራ ዋስትና የለም የሚል ነበር። አሠሪዬ በብስጭት ሞተሩን በአቅራቢያው ባለ ጋራዥ ሊያስፈቱ ፈለጉ። እኔ ግን ሞተሩን የፈታ ሰው የጥፋቱ ባለቤት ተብሎ እንዳይከሰስ ፈርቼ ለመንኋቸው። መኪናው ተጎትቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ሞተሩም ሁለታችንም ባለንበት፥ ሌላ መካኒክ እያየ እንዲፈታ በዚያው ቀን ለወኪሉ በደብዳቤ አስታወቅን። በተፈታ ጊዜ የቱቦው ቡሎን ሳይጠብቅ ቀርቶ ዘይቱ ፈስሶ፥ ብሮንዚናው ቀልጦ፥ ኮሎውም ተበልቶ ተገኘ።

ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የያዘው የጋራዡ መውጫ ወረቀትና ሾፌሩ ዘይት የለካበትን የሚጽፍበት ደብተር ስለ ነበሩን ወኪሉ ሞተሩን ለወጠ። ቦሎቄውን ወደ ሌላ መኪና ያዛወርንበትንና መርከቡ በማለፉ የደረሰብንን ኪሳራ ግን የሚያስከፍል የጽሑፍ ውል ስላልነበረን አሠሪዬ ተሸከሙት።

ይህ የእኛ ዕድል ብቻ አይደለም። የሂዩንዳይና የኪያ ኩባንያዎች በአሜሪካ የሸጧቸውን አውቶሞቢሎች በሞተር ጉድለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 ጠርተው ነበር። በ2019 ግን በዚያ ጥሪ ሞተር ከተለወጠላቸው መካከል 168,000 ያህሉን እንደገና ጠሩ፤ ምክንያቱም ሞተሩ ሲለወጥ የነዳጁ ቱቦ በደንብ ሳይገጠም ቀርቶ ነዳጅ ሊያፈስና እሳት ሊያስነሣ ይችል ስለ ነበር ነው። በ2020 ሁለቱ ኩባንያዎች መኪናዎቹን በጊዜው አልጠሩም ተብለው፥ በጠቅላላው 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ያለበትን ስምምነት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ፈረሙ። በትልቅ ፋብሪካ ስም የተሠራ ጥገናም ቢሆን መመርመር እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ሽያጭ ሲደነግግ፥ ገዢ ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሻጭ ካላታለለው በቀር፥ ካስታወቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። እንግዲህ ዝምታ መብትን ያስቀራል።

ስለዚህ መኪናችሁ ለጥገና ሲጠራ እነዚህን ነገሮች አትርሱ። አንደኛ፥ የተሠራውን ሥራና የተለወጠውን ዕቃ፥ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የያዘ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ተቀበሉ። ሁለተኛ፥ ጭነት ከመጫናችሁ በፊት መኪናውን በከተማ ነድታችሁ ከሥሩ የሚፈስ ነገር እንደሌለ አረጋግጡ። ሦስተኛ፥ የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ሾፌሩ ወዲያው ሞተሩን እንዲያጠፋ እዘዙ። አራተኛ፥ ሞተሩ ከተበላሸ ወኪሉ በሌለበት አታስፈቱ።

ሥራው በነጻ በመሆኑ ወረቀት መጠየቅ የሚያሳፍር የሚመስለው ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።