ከጋፋት ወናፍ እስከ መድረሳችን ሰሌን



ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን በዚያች መንደር አስፍረው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። የአገሬው ወጣቶችም አብረዋቸው እየሠሩ ሙያ ይቀስሙ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ሥራው ግን አልቆመም፤ በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ጦር መሣሪያ ለማውራት አይደለም፤ ስለ ወናፍ ለማውራት ነው። ብረት ቀጥቃጭ ወናፉን ሲከፍት ውስጡ ይሰፋል፤ የውስጡ አየር ይሳሳል፤ የውጪው አየር ገፍቶ ይገባል። ሲጨቁነው ደግሞ አየሩ ወደ እሳቱ ይወጣል። አቧራ መሳቢያ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። «ይስባል» እንላለን እንጂ፣ በእርግጥ አቧራውን የሚያስገባው የውጪው አየር ግፊት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ለሳይንስ ትርዒት አቧራ መሳቢያ ልሥራ አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ታናሽ እኅቱን አነሣ። ልጅቱ አስም አለባት፤ የመድረሳው ሰሌን በተጠረገ ቁጥር እያሳላት ቁርኣኗን አቅፋ ወደ ውጪ ትወጣለች። ትምህርቷ ይቋረጣል። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል?

አሠራሩ እንዲህ ነው

ባለ 1.5 ሊትር የውሃ ሃይላንድ ወገቡ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። የታችኛው ግማሽ ቂጡ አየር እንዲያስወጣ በብዙ ቦታ ይበሳል። ከተሰበረ መጫወቻ መኪና የወጣ ትንሽ ዲናሞ፣ ዘንጉ ወደ ጠርሙሱ አፍ እንዲያይ ሆኖ በዚያው ይታሰራል። ከቆርቆሮ ተቆርጦ ምላሶቹ በአንድ አቅጣጫ የተጣመሙ ማራገቢያ ዘንጉ ላይ ይገጠማል። ከማራገቢያው ፊት ሻሽ ይወጠራል፤ ቆሻሻውን የሚያስቀረው እርሱ ነው። ከዚያ ሁለቱ ግማሾች በፕላስተር ይጣበቃሉ፤ አፉ ላይም አጭር ቱቦ ይገባል። በሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም በ3 ቮልት መጀመር ይበቃል።

ወላጆች ልብ በሉ፦ የግድግዳ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ይህ ሥራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሠራ። ቆርቆሮውንም ትልቅ ሰው ይቁረጠው።

ተማሪዬ ሲሞክረው መሣሪያው ሳይስብ ቀርቶ አመዱን ፊታችን ላይ በተነው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ልጁ ግን ሊያለቅስ ደረሰ። ሽቦዎቹን አለዋውጠህ እሰር አልኩት። ዲናሞው ወደ ተቃራኒው ዞረ፤ የተቆራረጠው ወረቀትም ሽው ብሎ ገባ።

እውቀቱ የማን ነው?

ልጆቻችን ሳይንስ የሌሎች ንብረት እንዳይመስላቸው እንንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ950 ያረፈው አል-ፋራቢ ስለ ባዶ ቦታ ጽፏል። አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ ውሃ በመሳብ ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽን ከነሥዕሉ አስቀምጧል። ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪኬ እ.ኤ.አ. በ1654 የአየርን ግፊት ኃይል በአደባባይ አሳየ። እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 በሞተር የሚሠራ አቧራ መሳቢያ ፈለሰፈ፤ ሐሳቡን የሞከረው ወንበር ላይ መሐረብ አንጥፎ በአፉ አየር በመሳብ ነበር። እውቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ሁሉም ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያው መሣሪያ ቆላ ቢወርድ ትንሽ ይበረታል። ይህም ለተማሪ ጥሩ ጥያቄ ነው።

እውነቱን መናገር

መሣሪያው ሰሌኑን አጸዳ? አላጸዳም። ፍርፋሪና ወረቀት ያነሣል፤ ደቃቁ አቧራ ግን በሻሹ አልፎ በኋላ ይወጣል። ይኸውም አስም ላለበት ሰው ይብሳል። ልጁ ይህን ራሱ ደረሰበት፤ በትርዒቱም ቀን ሳይደብቅ ተናገረ። እኔን ከመሣሪያው ይልቅ ያኮራኝ ይህ ሐቀኝነቱ ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም። ደቃቅ አቧራ በአየር ውስጥ ተንሳፍፎ እንደሚቆይ ስለተረዳ ለኡስታዙ ሐሳብ አቀረበ፦ ሰሌኑ ውጪ ወጥቶ ይራገፍ፤ ወለሉ ውሃ ተረጭቶበት ይጠረግ፤ ጥርጊያውም ልጆች ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይለቅ። ኡስታዙ ተቀበሉት። እኅቱ ዛሬ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ትቀራለች፤ አልሐምዱሊላህ።

መስጊድ ትጠርግ የነበረችው ሴት በሞተች ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እርሷ ጠይቀው፣ መቃብሯ ድረስ ሄደው እንደሰገዱባት እናውቃለን። የጠራጊ ሥራ አላህ ዘንድ ትንሽ አይደለም። እናም እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ የተሰበረ መጫወቻ ፈትቶ ቤቱን ቢያዝረከርክ ቶሎ አትቆጡት። ለማን ብሎ እንደሚሠራ ጠይቁት።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ እውቀት ይስጣቸው። አሚን።