የነጋዴው «ውፍረት» በየትኛው ዓምድ ይግባ?

አጠና ለመግዛት ወደ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ስሙን ከዚሁ ንግድ ወዳገኘው አጠና ተራ የሚሄድ ሰው «አጠና ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ዋጋ አይነገረውም። ቋሚ ነው ወይስ ማገር? ውፍረቱስ? ርዝመቱስ? እርጥብ ነው ደረቅ? ዋጋው የሚቆረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። ቆርቆሮ ሻጩ ዘንድ ደግሞ ጥያቄው ስለ ጌጅና ስለ ቀለም ይሆናል። መድኃኒት ቤቱ የአገልግሎት ጊዜ ማብቂያ ቀን ሳይመዘግብ መሥራት አይችልም።

በደብተር ለሚሠራ ነጋዴ ይህ አያስቸግርም፤ አዲስ ነገር መመዝገብ ሲፈልግ ማስመሪያ አንስቶ አንድ ዓምድ ይጨምራል። ችግሩ የሚመጣው ደብተሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ነው። ባለሙያው የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ መግዣና መሸጫ ዋጋ የሚሉ ዓምዶችን ሠርቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። «ውፍረት» ቦታ ስለሌለው «ማስታወሻ» ውስጥ ይገባል። አንዱ ሠራተኛ «10 ሳ.ሜ» ሲል ሌላው «10ሳሜ ደረቅ»፣ ሦስተኛው «ወፍራም» ይላል። በወሩ መጨረሻ ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ ስንት ቀረ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለም። ነጋዴውም ገንዘቡ የትኛው ዕቃ ላይ እንደታሰረ ሳያውቅ ሌላ ጭነት ያዛል።

አንዳንድ ፕሮግራም ሠሪዎች ከመጀመሪያው «ትርፍ 1»፣ «ትርፍ 2» እያሉ ባዶ ዓምዶች ያስቀምጣሉ። ይህ ለጊዜው ያስታግሳል። ሠራተኛው ሥራ የለቀቀ ዕለት ግን «ትርፍ 3» ምን እንደነበር የሚያውቅ አይገኝም።

ሁለተኛው ዘዴ ዓምዱን ወደ ረድፍ መለወጥ ነው። ይኸውም የዕቃው ቁጥር፣ የጠባዩ ስምና መልሱ ብቻ የሚጻፉበት ሌላ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፦ «ዕቃ 215፣ ውፍረት፣ 10»። ነጋዴው አዲስ ጠባይ ሲያስፈልገው ረድፍ ይጨመራል እንጂ የመዝገቡ አሠራር አይነካም። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበትና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጀው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የሚሠራው ከዚህ በተቀራረበ መንገድ ነው፤ አዲስ መረጃ ይሰብሰብ ሲባል ሠንጠረዡ አይፈርስም።

ዘዴው ታዲያ ዕዳ አለው። ቁጥሩም ቀኑም ስሙም አንድ ዓምድ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ሲቀመጥ ማሽኑ በፊደል ተራ ስለሚደረድር 100 ከ20 ይቀድማል። «ደረቅ፣ ባለ 10፣ ባለ 6 ሜትር» የሚል ፍለጋም ያንኑ ሠንጠረዥ ሦስት ጊዜ ያስበረብራል፤ ዕቃው ሲበዛ ይዘገያል።

ሦስተኛው በኋላ የመጣ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በ2015 ጄሰን የሚባለውን አጻጻፍ በአንድ ዓምድ ውስጥ ይዘው መፈለግ እንዲችሉ ተደረጉ። የዕቃው ልዩ ጠባዮች ሁሉ በአንድ ከረጢት እንደታሰሩ መቁጠር ነው። ለአብዛኛው ሱቅ የሚበጀውም ይኸው ይመስላል። ሆኖም አማርኛ በሚጻፍበት መዝገብ አንድ አደጋ አለ፤ አንዱ «ውፍረት» ሌላው «ዉፍረት» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው።

ስለዚህ የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ የጠባዮች መዝገብ ለብቻው ያስፈልጋል። ስሙ አንድ ጊዜ ይጻፍና ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልሱ ቁጥር ይሁን ቀን ወይስ ከዝርዝር የሚመረጥ፣ መለኪያው ምን እንደሆነ፣ መታለፍ ይችል እንደሆነ እዚያው ይወሰናል። ሠራተኛው ስሙን ከዝርዝር ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። ዋጋ፣ ብዛትና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላበት ሒሳብ ግን ከረጢት ውስጥ የሚገቡ አይደሉም፤ ቋሚ ዓምዳቸውን ይዘው መቅረት አለባቸው።

ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴ ይህን ሁሉ መማር አይጠበቅበትም። ከመክፈሉ በፊት ባለሙያውን እዚያው አስቀምጦ «ውፍረት» የሚል የቁጥር ዓምድ ራሱ ይጨምር። በቦታው «ወፍራም» ብሎ ይጻፍበት፤ ፕሮግራሙ እምቢ ማለት አለበት። ቀጥሎ 9፣ 10፣ 12 እና 100 አስገብቶ በቅደም ተከተል እንዲደረድርለት ይዘዝ። 100 ከ12 ከቀደመ ቀሪውን ክፍያ ኪሱ ውስጥ ያቆየው።